ጥጡን የደበቁበት ቀን

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የምትገባው ቅንድቧ ላይ ያለችው የጥጥ ብናኝ ናት። ከላባ ትቀላለች። ከግራ ቅንድቧ ጋር ተጠላልፋ፣ ሴትዮዋ ስትስቅ ትንቀጠቀጣለች፤ ስታኮርፍ ደግሞ ከቅንድቡ ጋር አብራ ቁልቁል ትወርዳለች። ነግረዋት ብታራግፋት እንኳ ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ በቦታዋ ትቀመጣለች። ከዚህ ሁሉ ፊት መርጣ እዚያች ላይ ብቻ ማረፏ ያስገርማል። ሴትዮዋን ግን ምንም አይገርማት።

የሰፈሩ ሰው «እትዬ ጥጥ» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ እሷም አልተቀየመችም።

«ሰው አፍ ውስጥ ከገባሁ አይቀር ለስላሳ ነገር ሆኜ ልግባ» ትላለች።

ፍራሽ ሰሪ ናት። የምትሠራው ድሮ የጭነት መኪና ያድርበት በነበረ ጋራዥ ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ የዘይቱ እድፍ ዛሬም አለ፤ ግን በላዩ ላይ ደመና ወርዶ የተኛ ይመስላል። በአንደኛው ግድግዳ በኩል ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው በረጃጅም መርፌ ፍራሽ ይሰፋሉ፤ አንዷ ወሬ ስትጀምር ሌላዋ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች። በጥግ ደግሞ ጥጥ ነዳፊው ሽማግሌ ይቀመጣሉ። ደጋናቸው ቁመታቸውን ያክላል። የተወጠረውን ጅማት በእንጨት መምቻ ሲመቱት ድምፁ መጀመሪያ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው፣ ከዚያ ጆሮ ውስጥ። ተጓጉሎ የተከመረው ጥጥ በዚያ ድምፅ ብቻ ይፈታል፣ ይነሣል፣ ይበተናል። አንድ ሽማግሌ በአንድ ጅማት ይህን ያህል አየር ከየት እንደሚያመጡ ማሰብ ያስደንቃል።

እትዬ ጥጥ ወደዚህ ሥራ የገባችው በምላጭ ነው።

በወጣትነቷ አንድ አልጋ ቤት ውስጥ ጽዳት ትሠራ ነበር። ፍራሽ መገልበጥ፣ አንሶላ መቀየር፣ እንደገና መገልበጥ። ከክፍሎቹ በአንዱ ያለው ፍራሽ ግን ቢገለብጡትም ባይገለብጡትም ያው ነው፤ ድንጋይ የታጨቀበት ይመስል ይጎረብጣል። እንግዶቹ ጠዋት ወገባቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ የሚቆጡት ደግሞ እሷን ነው። አንድ ቀን ነገሩ ከንክኗት በሩን ዘጋችና ስፌቱን በምላጭ ተረተረችው። ድንጋይ አልነበረም። የስንቱ መንገደኛ ላብና ሐሳብ ጨምቆት የተጓጎለ ጥጥ ነው። ቁጭ ብላ በጣቷ እየፈለቀቀች ታፍታታው ጀመረች። እጇ ውስጥ ሲገባ ጠጠር የነበረው፣ ሲወጣ ትንፋሽ ይሆናል። ነገር ዓለሙን ረሳችው። ባለቤቱ ሲፈልጋት ቆይቶ በሩን ሲከፍት የጽዳት ሠራተኛዋ አትታይም፤ ክፍሉ ሙሉ ነጭ ብቻ ነው።

ጮኸ። ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው። «ነገ እዚህ እንዳላይሽ!» አለ። በማግስቱ ግን ሰፍታ የመለሰችው ፍራሽ ላይ ራሱ ተኝቶበት አርፍዶ ተነሣና፣ ዓይኑን እያሻሸ መጥቶ «የሌሎቹን ክፍሎች መቼ ትጀምሪያለሽ?» አላት።

ነዳፊውን ያገኘቻቸው ከዚያ በኋላ ነው፣ መንገድ ላይ። ደጋናቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቅለው «ጥጥ የሚያስነድፍ!» እያሉ ሰፈር ለሰፈር ይዞሩ ነበር። በጣቷ እየፈለቀቀች ስንት ፍራሽ እንዳደሰች ስትነግራቸው፣ ሳቃቸው አላቆም ብሏቸው የአጥር ጥግ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንቺ እኮ ባሕር በማንኪያ የምትቀጂ ሰው ነሽ» አሏት።

ከዚያ ወዲያ መዞር አልነበረባቸውም። እሷ ጋራዡን ተከራየች፤ እሳቸው ጥጉን ያዙ። ስፖንጅ ፍራሽ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው በከተማው ያሉ ጥጥ ፍራሽ ሰሪዎች አንድ በአንድ ዘጉ። እነሱ አልዘጉም። በጥጥ ላይ መተኛት የለመደ ወገብ ስፖንጁን እምቢ እያለ ተመልሶ ይመጣባቸው ነበር።

ያልጠበቁት ነገር የመጣው ከደጅ አልነበረም። ከሽማግሌው ደረት ነው።

መጀመሪያ ጉሮሮ መጥረግ መሰለ። ከዚያ ሳል ሆነ። ከዚያ ደጋኑን አስቀምጠው ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው የሚስሉት ሳል ሆነ። ሐኪሙ የጥጥ ብናኝ ሳንባቸው ውስጥ መግባቱን ነገራቸውና «ይህን ሥራ ካልተዉ ይህ ደረት አይቆይዎትም» አላቸው። እትዬ ጥጥ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፈነችላቸው። ጨርቁን አገጫቸው ላይ አውርደው መንደፋቸውን ቀጠሉ።

«ጋሼ፣ ያረፉ እንደሆነ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? ሁለቱ ሴቶች መርፌያቸውን ይዘው ቤታቸው ይሄዳሉ፣ አንቺ ወደ መጥረጊያሽ፣ እኔ ወደ አልጋዬ። ይኸው ነው የሚሆነው።»

እውነታቸውን ነበር። በከተማው መንደፍ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልቀረም። እሷም ሞክራ ነበር፤ ጅማቱ ጣቷን ላጠው እንጂ ጥጡ አልሰማትም። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፦ ጥጥ የሚነድፍ፣ ብናኙን በራሱ ከረጢት ውስጥ የሚሰበስብ ማሽን። አንድ ነጋዴ በስልኩ ምስሉን አሳይቷታል። ዋጋውን ሲነግራት ስልኩን መለሰችለት።

ባንክ ሄደች። «መያዣ የሚሆን ቤት አለሽ?» አሏት። «ቤት ቢኖረኝማ ፍራሼን ይዤ እገባበት ነበር እንጂ እዚህ ምን አመጣኝ?» አለች። ሳቁላትና በሩን አሳዩዋት። የቁጠባ ማኅበር ሄደች። «ተደራጅታችሁ ኑ» አሏት። ከማን ጋር ትደራጅ? ፍራሽ ሰሪ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሌላ ቦታ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባለች፤ ያ ስብሰባ እስካሁንም ሳያልቅ አይቀርም።

ዞራ ዞራ አንድ ጠባብ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ደረሰች። የጽዳት ዕቃ ከሚቀመጥበት ክፍል አጠገብ ያለው በር ላይ «የአነስተኛ ንግዶች ድጋፍና ምክር» ይላል። ውስጥ አንድ ወጣት ተቀምጧል። ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ የሞተር ሳይክል ሄልሜቱን አስቀምጧል።

«ሥራው ያዋጣል፣ እትዬ?» አላት።

«አዎ።»

«በምን ያውቃሉ?»

«ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ይስቃል ብላ ጠበቀችው። አልሳቀም።

«አሁንስ ይወስድዎታል?» አላት።

ይህን ጥያቄ ባንክ ውስጥ ማንም አልጠየቃትም። «አይወስደኝም» አለች፤ ከዚያ ስለ ሽማግሌው ደረት፣ ስለ ደጋኑ፣ ስለ ሁለቱ ሴቶች ሁሉንም ዘረገፈችው። ስትጨርስ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። አፍራለች። ደግሞ ቀልሏታል።

አማካሪው መጀመሪያ ገንዘብ አላመጣላትም። ያመጣላት ጭቅጭቅ ነው። ጋራዡ ድረስ መጣ፤ ጥግ ላይ የተደረደሩትን አሮጌ ፍራሾች አየና «እነዚህስ የማን ናቸው?» አለ።

«የጎረቤት ነዋ። ሲጎረብጣቸው ያመጡልኛል፣ አስነድፌ ሰፍቼ እመልስላቸዋለሁ።»

«በስንት?»

«እንዴ! ጥጡ እኮ የራሳቸው ነው። የራሳቸውን ጥጥ ነክቼ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

«ጥጡ የእነሱ ነው። ልፋቱስ የማን ነው?»

ተቆጣች። ለቀናት አኮረፈችው። ይሉኝታዋ ከጥጡ በላይ የተጓጎለ ነበር። ልጁ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ስፖንጅ የሚሸጥ ነጋዴ ሊሠራው የማይችለው አንድ ነገር ይኸው ነው፤ ጠዋት ከደንበኛ ቤት ወስዶ፣ ሰው ሳይተኛ አድሶ መመለስ፤ ለማሽኑ የሚከፍለው ይህ ነው፣ እያለ ወተወታት። በመጨረሻ ጎረቤቶቹን እየተሽኮረመመች ጠየቀቻቸው። አንዲቷ አሮጊት «ጎሽ! እስካሁን ሳልከፍል ስተኛ እኮ ጎኔን ይወጋኝ ነበር!» አሉ። ሌሎቹም ከፈሉ። ዓለም አልፈረሰም።

የማሽኑን ገንዘብ የሚጠይቀውን ማመልከቻም አብረው ጻፉት። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይጽፋል። አንድ ቀን «ማሽኑ ሲመጣ ሽማግሌው ምን ይሆናሉ?» ብሎ ጠየቃት። «የምን ጥያቄ ነው ይሄ! ላባርራቸው መሰለህ?» ብላ ጮኸችበት። «እኔ አይደለሁም፤ ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች ይጠይቁዎታል» አላት ዝግ ብሎ። ያንን ቀን ቤቷ ስትሄድ መንገዱን ሁሉ ስታስብበት ሄደች።

ከዚያ አማካሪው ድጋፉን የሚወስኑት የኮሚቴ አባላት ሥራዋን ሊያዩ ሐሙስ ጠዋት እንደሚመጡ ነገራት። እሷም ለታላቅ እህቷ ነገረች። ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ እህትማማቾች የሚኖሩት ከጋራዡ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ታላቋ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የነርሶች ትምህርት ቤት የመኝታ አዳራሽ ኃላፊ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሚፈርዱ ጎብኚዎች ሲመጡ አይታለች፤ የሚያደርጉትም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጣታቸውን መስኮት ላይ ያሳርፋሉ፣ አቧራ ካለ ፊታቸው ይጨልማል፣ ከሌለ እጅ ጨብጠው ይሄዳሉ። ለእሷ ጉብኝት ማለት ይኸው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ጉዳይ እኔ አለሁልሽ» አለች፣ ወገቧን ይዛ።

እትዬ ጥጥ በእህቷ ፊት ሁልጊዜ ትንሽ ልጅ ናት። «እሺ እቴቴ» አለች።

ከዋዜማው ጀምሮ ሥራ ቆመ። ጥጡ ሁሉ ተሰብስቦ መኝታ ቤት ገባ፤ አልጋው ላይ፣ አልጋው ሥር፣ እስከ ጣራው ድረስ በእግር ተረግጦ ታጨቀ፤ እቴቴ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ቆለፈችና ቁልፉን ጡቶቿ መሐል ሸጎጠች። የደንበኞች ፍራሽ በአጥር ላይ ጎረቤት ግቢ ተሻገረ። የጋራዡ ወለል በሳሙና ታጠበ። የፍራሽ ልብስ የሚሰፋባት የስፌት መኪና ጥልፍ ጨርቅ ለበሰች፤ በላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠ። ደጋኑ ከበር ጀርባ ተደበቀ። ሁለቱ ሴቶች የክት ልብሳቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተደረደሩ። ሽማግሌው ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ የገዙትን ኮት ደረቡ። እቴቴ በመጨረሻ እህቷን አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችና፣ ጣቷን በምራቅ አርሳ ቅንድቧ ላይ ያለችውን ብናኝ አነሣች።

«አሁን ሰው መሰልሽ» አለች።

አማካሪው ከኮሚቴዎቹ ጋር ሲገባ ደፍ ላይ ቆሞ ቀረ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ። ከኋላው አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴት አሉ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ፤ ጥቁር ሱፍ የለበሰ የባንክ ሰውም አብሯቸው አለ። ሁለቱም ባዶውን፣ የሚያብረቀርቀውን ወለል አዩ። የፕላስቲክ አበባውን አዩ።

«እንዴት አደራችሁ» አሉ ሰብሳቢዋ። «ሥራ ያቆማችሁት መቼ ነው?»

«ዛሬማ ማን ይሠራል፣ እናንተ ስትመጡ!» አለች እቴቴ በኩራት። «ቁጭ በሉ እንጂ። ወንበሩ ንጹሕ ነው፣ በጣትዎ ይሞክሩት።»

ሰብሳቢዋ አልተቀመጡም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም የሚናገሩት ሰው እንዳይሰበር እየተጠነቀቁ ነው። «ድጋፉ የሚሰጠው በሥራ ላይ ላለ ድርጅት ብቻ ነው፤ ለመጀመር ላሰበ ወይም ላቆመ ሌላ መንገድ አለ። ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን» አሉ። የባንኩ ሰው ሰዓቱን አየ።

እትዬ ጥጥ መናገር ፈለገች። ለቀናት ያጠናችው ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ። የሽማግሌውን ደረት፣ የሁለቱን ሴቶች መርፌ፣ ሁሉንም በሩ ላይ ቆመው ሊሄዱ በተዘጋጁ ሁለት ሰዎች ጀርባ ላይ አየችው።

ልክ በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷ ድምፅ መጣ።

«እትዬ ጥጥ! እንግዶችሽ ሄዱልሽ ወይ? ፍራሾችሽን አንሺልኝ፤ ዶሮዬ ከላዩ አልወርድም ብላለች!»

ሰብሳቢዋ ዞር አሉ። «የምን ፍራሽ?»

«ምንም አይደለም» አለች እቴቴ፣ ከአፋቸው ነጥቃ። «ጎረቤት ናት፣ ትንሽ ነካ ያደርጋታል።»

«ሰማሁሽ!» አለ አጥሩ።

አማካሪው ነገሩ ገባው። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ጥጡ የት ነው ያለው?» አላት።

በዓይኗ ወደ መኝታ ቤቱ አመለከተችው፤ ከዚያ እህቷን አየች። እቴቴ ደረቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«አይሆንም! መኝታ ቤት ነው። የተከበሩ ሰዎች ጎሬያችንን አይተው ሊሄዱ ነው? በሕይወቴ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም!»

«እቴቴ፣ ቁልፉን ስጪኝ።»

«አንቺ ልጅ—»

«እቴቴ።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ግን ታናሽ እህት የምትናገርበት ድምፅ አልነበረም። እቴቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ድምፅ ነበርና፣ አፏን ከፍታ፣ ሳታውቀው ቁልፉን አወጣች።

በሩ ወደ ጋራዡ ነው የሚከፈተው። ቁልፉ እንደዞረ በሩ በራሱ ተገፍቶ ተበረገደ፤ ታፍኖ ያደረው ጥጥ እንደ ጎርፍ ወጣ። የፕላስቲክ አበባውን ጠራርጎ፣ እቴቴን እስከ ጉልበቷ አጥምቆ፣ ሰብሳቢዋ እግር ድረስ ሄዶ ቆመ። ጥቁር ሱፍ የለበሰው ሰው ነጭ ሱፍ ለበሰ። ከዚያ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ሰብሳቢዋም መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ይኼ ሁሉ ትናንት የት ነበር?» አሉ።

«እዚህ» አለች እትዬ ጥጥ፣ ወለሉን እያሳየች። «እዚህ ነበር። ዛሬ ብቻ ነው የሌለው።»

ጥልፉ ከስፌት መኪናዋ ላይ ተገፈፈ። ሴቶቹ በክት ልብሳቸው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ፍራሾቹ በአጥሩ ላይ ተመለሱ፤ በመጨረሻው ላይ ዶሮዋም አብራ መጣች። ነዳፊው ደጋናቸውን ከበር ጀርባ አወጡና፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ መቱት። የጅማቱ ድምፅ ጋራዡን ሞላው፤ ጥጡ ተነሣ፤ በበሩ የገባው የጠዋት ፀሐይ ነጭ ሆኖ ቆመ። የባንኩ ሰው ሰዓቱን ማየት ረሳ።

ከዚያ ሳሉ መጣ።

ሽማግሌው መጀመሪያ በጉሮሯቸው ሊውጡት ሞከሩ። መንደፋቸውን አላቆሙም፤ እየሳሉ ይመታሉ፣ እየመቱ ይስላሉ። እንግዶቹ እንዲያዩላት ነው። ግንባራቸው ላይ ያለው ደም ሥር ተወጠረ። እትዬ ጥጥ ጥጡን እየረገጠች ሄዳ ደጋኑን ከእጃቸው ወሰደችው።

«በቃ» አለች። ወደ ኮሚቴዎቹ ዞረች። «አያችሁ አይደል? ገንዘቡን ብትሰጡኝም ባትሰጡኝም፣ ለእናንተ ብዬ ከዚህ በላይ አላስነድፋቸውም።»

አማካሪው መሬት መሬት አየ። እቴቴ ውሃ ይዛ መጣችና ሽማግሌውን ደግፋ አጠጣቻቸው።

ሰብሳቢዋ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቁ። ከዚያ «ማሽኑ ከመጣ እሳቸው ምን ይሠራሉ?» አሉ።

ልጁ ጠይቆ ያስቆጣት ጥያቄ! መልሱን መንገድ ለመንገድ ስታስብ የሄደችው ለዚህ ነበር ለካ። የሚመጣው ጥጥ የእሳቸው እጅ ሳይዳስሰው ማሽን ውስጥ እንደማይገባ፤ አሮጌ ጥጥ ደክሞ ይሁን ሞቶ የሚለዩት እሳቸው መሆናቸውን፤ ከየደንበኛው ቤት ፍራሽ የሚቀበሉትም እሳቸው እንደሚሆኑ ነገረቻቸው። «የቤቱን ሰው ሁሉ ያውቃሉ። ደግሞ ወሬ ይወዳሉ» አለች።

«እኔ ወሬ አልወድም» አሉ ሽማግሌው ከውሃው ቀና ብለው። «ወሬ ነው እኔን የሚወደኝ።»

ሰብሳቢዋ ሲሄዱ ምንም ቃል አልሰጡም። እጇን ብቻ ጨበጡ፤ ጥጥ የሞላው እጅጌያቸውንም አላራገፉም።

የጥበቃው ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ሽማግሌውን አስቀምጣ ሥራውን ከለከለቻቸው፤ ያለው የተነደፈ ጥጥ እያለቀ ሄደ። ከሁሉ የከፋው ግን የእቴቴ ነገር ነው። መጥረጊያ መያዝ ተወች። ጥጥ ምግብ ሳህን ላይ ቢያርፍ ዝም፣ አልጋዋ ላይ ቢከመር ዝም።

«እቴቴ፣ ትንሽ እንጥረገው እንጂ።»

«ተይኝ። ስጠርግ ስጠርግ ኑሯችንን ጠርጌ ልጥለው ነበር» ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እትዬ ጥጥ ሄዳ አጠገቧ ትተኛለች። «እኔም እኮ እሺ ብያለሁ» ትላታለች። ሁለቱ እህትማማቾች ጥጥ ውስጥ ጎን ለጎን ጣራ ጣራውን ያያሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሞተር ሳይክል ድምፅ በር ላይ ቆመ። አማካሪው ሄልሜቱን ሳያወልቅ ሮጦ ገባና እጁን እያወናጨፈ ያወራ ጀመር። ከሄልሜቱ ውስጥ የሚወጣው ድምፅ ግን ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ድምፅ ነው። እትዬ ጥጥ ተነሥታ ቀረበችው። ደስታ ይሁን ሐዘን ከዓይኑ ለማንበብ ብትሞክር መስተዋቱ ላይ የራሷን ፊት ብቻ አየች።

«አውልቀው ይሄን ድስት!» ብላ እቴቴ በሁለት እጇ መንጭቃ አወጣችለት። እነዚያ ትልልቅ ጆሮዎች ቀልተው ብቅ አሉ።

«ጸድቋል!» አለ ልጁ። «ግማሹ እርዳታ ነው፣ ግማሹ መያዣ የማይጠየቅበት ብድር። ዓመቱንም ሙሉ እኔ እየመጣሁ አማክራችኋለሁ።»

እቴቴ እልል አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ። እትዬ ጥጥ ግን ከኋላዋ ምን እንዳለ ሳታይ ዝም ብላ ወደ ኋላ ወደቀች። የቀረችው ጥጥ ተቀበለቻት። የስንቱን ወገብ ያሳረፈች ሴት፣ ጥጥ ላይ በጀርባዋ መውደቅ ምን እንደሚመስል ያወቀችው ያን ዕለት ነው። «እፎይ» አለች። ሌላ ቃል አልነበራትም። ለወራት በደረቷ የተጓጎለው ነገር ሲፈታ፣ አንድ በአንድ ሲላቀቅ፣ ሲቀል ተሰማት። ዓይኗን ጨፈነች፤ በቀን ብርሃን፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ማንም አልቀሰቀሳትም።

ማሽኑ አረንጓዴ ነው፣ ከተጠበቀው ያነሰ። በአንድ አፉ የተጓጎለውን ይበላል፣ በሌላው ባዘቶ ይተፋል፤ ብናኙ ደግሞ ጀርባው ላይ ባለ ከረጢት ውስጥ እየገባ ከረጢቱ እንደጠገበ ሆድ ይነፋል። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ባዘቶ በጣቶቻቸው መሐል አሳልፈው፣ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት።

«ዝምተኛ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሥራውን ግን ያውቃል።»

አማካሪው በየወሩ ይመጣል። ከእቴቴ ጋር ይጨቃጨቃሉ፤ እሱ የቤቱና የሥራው ኪስ ይለያዩ ይላል፣ እሷ ከአንድ ጓዳ ወጥተው የት ሊሄዱ ነው ትላለች። ከዚያ ምሳ ሳይበላ አትለቀውም። መጥረጊያዋን መልሳ ይዛለች፤ ግን እስከ ጋራዡ ደፍ ድረስ ብቻ። የነርሶች ትምህርት ቤት የመኝታ አዳራሹን ፍራሽ በሙሉ ለማሳደስ ሲስማማ፣ ወሬውን ሰፈር ለሰፈር ያዞረችው እሷ ናት።

የሽማግሌው ሳል ጨርሶ አልጠፋም። ጠዋት ጠዋት ይጎበኛቸዋል። ግን ግድግዳ መያዝ ቀርቷል።

ዛሬም ከዳገቱ አናት ካለ አንድ ቤት አሮጌ ፍራሽ ሊያመጡ እሳቸውና እትዬ ጥጥ አብረው ወጡ። እሷ የፍራሽ ማሰሪያውን ገመድ ትከሻዋ ላይ ጠቅልላ ከበሩ ስትወጣ ለቀሩት እጇን አውለበለበች፣ «እንግዲህ በሉ፣ ሥራ አለብን» ብላ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዞረች። ሽማግሌው አጠገቧ ናቸው። እንዳይደክሙ ብላ እርምጃዋን ታሳጥራለች፤ እሳቸው ደግሞ ይቀድሟታል። ከታች ለሚያየው ንግግራቸው በደንብ ይሰማል።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ!»

«አንቺ ነሽ የምትጎተቺው። ልጄ፣ የዚያን ቤት ሰውዬ ታሪክ ነግሬሽ አውቃለሁ?»

«ነግረውኛል።»

«እንግዲያው ደግሜ እነግርሻለሁ።»

ይነግሯታል። ዳገቱ ይነሣል፣ ወሬያቸው አይቋረጥም፤ ትንፋሽ ለመውሰድ እንኳ አላቆሙም። እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች፣ አንዳንዴ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል፣ ገመዱ ጀርባዋ ላይ ይወዛወዛል። ወደ ኋላ አልዞረችም። የመንገዱ መታጠፊያ ጋ መጀመሪያ እሳቸው ጠፉ፣ ከዚያ እሷ፤ ድምፃቸው ግን ጥቂት ዘግይቶ ነው የሄደው።